ባዶ የትም ይገባል

በአማቱ ቤት ለኃላፊው ብቻ የሚወጣ ትራስ ነበር፤ ጥልፍ ያለው፣ ሌላ ሰው የማይደገፈው፣ ከመኝታ ቤት በሁለት እጅ ተይዞ የሚመጣ። እሁድ እሁድ ከሚስቱ ጋር ሲደርስ አማቱ ከበረንዳቸው ብድግ ብለው «እንደምን ሰነበቱ፣ ይግቡ፣ ይግቡ» እያሉ ሶፋው ድረስ ያደርሱታል። ትራሱ ከጀርባው ይሻጥለታል፤ ቴሌቪዥኑ ይከፈትለታል፤ ከዚያ ሽማግሌው እጃቸውን እያፋተጉ ወደ በረንዳው ይመለሳሉ። በረንዳው ላይ ዶሚኖ አለ።

ልጃቸውን ካገባ ጀምሮ እንዲህ ሲከበር ኖረ። ክብሩ አንገቱ ድረስ ደርሶበታል።

አማቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ ባቡር ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አብረዋቸው የሚጫወቱት ወንድ ልጃቸው፣ የአጥር ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው እና የትልቋ ልጃቸው ባል ነበሩ። ይኸኛው የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ ሰው ነው፤ ትራስ የሚባል ነገር አያውቅም። የዶሚኖ ጠጠር ባበላሸ ቁጥር ሽማግሌው «አንተ ግንድ፣ አራቷን ለማን ደብቀህ ነው?» ይሉታል፤ እሱም «ለቀብርዎ» ብሎ ይመልሳል፤ በረንዳው በሳቅ ይነቃነቃል። ኃላፊው ከሶፋው ሆኖ ይህን ሲሰማ ምራቁን ይውጣል። ሰው በስድብ ይቀናል ቢሉት ኖሮ አያምንም ነበር።

አንድ እሁድ ማታ ወደ ቤት ሲመለሱ ሚስቱ መኪና ውስጥ ወሬ ነገረችው። የእህቷ ባል ሥራው ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሯል፤ በረንዳው ላይ አንድ ወንበር ባዶ ሊሆን ነው፤ አባቷም ፀጉር አስተካካያቸውን ሊያስቀምጡበት አስበዋል።

«ለምን እኔን አያስቀምጡኝም?» አለ ኃላፊው።

«አንተ መቼ ትችላለህ?»

«እማራለሁ።»

ሚስቱ ዞር ብላ አየችው። ልትስቅ ነበር፤ ፊቱን ስታይ ተወችው። ቢማር ደስ እንደሚላት፣ እሱ እንደ እንግዳ ሲቀመጥ እሷም በገዛ አባቷ ቤት እንግዳ እየሆነች እንደተቸገረች በቀስታ ነገረችው። ኃላፊው መሪውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። ያን ወንበር ማንም እንደማይወስድበት ለራሱ ማለ።

ኃላፊነቱ በውሃ ድርጅቱ ሦስተኛ ፎቅ፣ የቆጣሪ ምርመራ ክፍል ላይ ነው። ከየሰፈሩ የተነቀሉ የውሃ ቆጣሪዎች በረጅም ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው ውሃ ይለቀቅባቸዋል፤ ያለፈው ውሃ በጋን ይለካል፤ ቆጣሪው የቆጠረው ጋኑ ከያዘው ጋር ከገጠመ በእርሳስ ማኅተም ይታሸጋል፣ ካልገጠመ ወደ ሳጥን ይጣላል። ክፍሉ ሁልጊዜ የረጠበ ነሐስ ይሸታል። ሰኞ ጠዋት ኃላፊው እዚያ ገብቶ ዶሚኖ መማር እንደሚፈልግ አስታወቀ።

ምክትሉ እስከዚያች ዕለት ዶሚኖ ይሁን ሳሙና የማይለይ ሰው ነበር። በማግስቱ ግን ከእናቱ ሆድ ጀምሮ ሲጫወት እንደኖረ እየማለ፣ አዲስ ጠጠር ከነሣጥኑ ይዞ መጣ። ሦስተኛ ሆኖ የተጠራው የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛው ነው፤ አራተኛው ሹፌሩ። ከአራቱ ጨዋታውን በትክክል የሚያውቀው ሹፌሩ ብቻ ነበርና እሱ አስረዳ፦ ለእያንዳንዱ ሰው ሰባት ጠጠር ይደርሰዋል፤ ስድስት ከስድስት፣ ሁለት ከሁለት እየተጋጠመ ይሄዳል፤ የሚገጥም ያለው መጣል ግዴታው ነው፤ የሌለው «ፓስ» ይላል፤ ቀድሞ የጨረሰ ያሸንፋል። ሁለት ሁለት ሆኖ መቧደንም አለ። ሌላ ምንም የለውም።

ኃላፊው ራሱን ነቀነቀና ጨዋታው ተጀመረ። ሦስተኛው ዙር ላይ ነጥብ የሌለባትን ባዶ ጠጠር አንሥቶ ከአራት ጎን አስቀመጠ።

ሹፌሩ አፉን ከፈተ። ምክትሉ ቀደመው።

«ባዶ የትም ይገባል» አለ ምክትሉ፤ «ምንም ስለሌለበት ከማንም ጋር አይጣላም።»

ሹፌሩ አፉን ዘጋ። ነገሩ እዚያ ላይ ሊያልቅ ይችል ነበር፤ ነገር ግን መስኮቱ ሥር ምሳዋን የምትበላ አንዲት የቆጣሪ መርማሪ ነበረች። በሥራዋ ዓይኗ የተሳለ ነው፤ ቆጣሪ በጠብታ ቢሳሳት ታያለች፣ ካየች ደግሞ አፏ አያርፍም። ጉርሻዋን ሳትውጥ «ኧረ አይገባም። ባዶ ከባዶ ጋር ነው እንጂ። ይሄንንማ ሕፃን ያውቀዋል» አለች።

ከሁሉም በላይ የሳቀው ኃላፊው ነው። ምክትሉም ዶሚኖ እንደየአካባቢው እንደሚለያይ፣ ሕፃናት የሚጫወቱትና አዋቂዎች የሚጫወቱት አንድ እንዳልሆነ አስረዳ። ባዶዋ ከአራቷ ጎን ቀረች። በሚቀጥለው ሳምንት መርማሪዋ ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል ወደ ምድር ቤቱ የቅሬታ መስኮት ተዛወረች። ኃላፊው ዝውውሩን የፈረመው በዶሚኖው ቂም ይዞ እንዳልሆነ ከልቡ ያምን ነበር፤ የቅሬታ መስኮቱ በእርግጥ ሰው ጎድሎት ነበርና። ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ራሱ ያውቀው ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሚያርመው ጠፋ፤ ሕጉም እንደ ልቡ ይለጠጥ ጀመር። አንድ ቀን አምስትን ከስድስት አጠገብ ሲያኖር የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ «እሱማ የጎረቤት መብት ነው» ብሎ አጸደቀለት፤ ተከታታይ ቁጥሮች ጎረቤታሞች ስለሆኑ መጠጋጋት ይችላሉ ማለት ነው። ሌላ ቀን ጨዋታው ተዘግቶ ማንም የሚጥለው ሲያጣ የሁሉም ነጥብ ተቆጠረ፤ በኃላፊው እጅ ላይ የቀረው ክምር ነው። በደንቡ ብዙ ነጥብ የቀረበት ይሸነፋል። ምክትሉ ግን ክምሩን አይቶ በአድናቆት አፉን ያዘ፤ «ይሄን ሁሉ ይዘው ነው ዝም ያሉን?» ብሎ ድሉን ሰጠው። ሹፌሩ ከሁለቱ ይልቅ ለመሸነፍ ተቸገረ፤ የሚያውቀውን ጨዋታ እንዳላወቀ መሆን አድካሚ ነው። ልጆቹን አስቦ እሱም ለመደው።

ኃላፊው እንደ አበባ ፈካ። በበረንዳው እንደሚሰማው ጠጠሩን በጠረጴዛው ላይ ጯ ማድረግ ተማረ። ከምሳ ሲመለስ ደረቱ ተነፍቶ ኮሪደሩ ይጠበዋል። ማታ ማታ ለሚስቱ ሦስቱን እንዴት እንደጠረጋቸው ይተርካል። እሷም ደስ ብሏት ለአባቷ ደወለች፤ ሽማግሌውም እስቲ ይምጣና ይሞከር አሉ።

እሁድ ደረሰ። ትራሱ ከመኝታ ቤት ሲወጣ አማቱ «ተዉት፣ ዛሬ በረንዳ ነው የሚቀመጠው» አሉ። ኃላፊው የሸሚዙን እጅጌ ሰበሰበ። ቡድኑ ከሽማግሌው ጋር ሆነ፤ ከፊት ለፊታቸው የሚስቱ ወንድምና ልብስ ሰፊው ተቀመጡ። የመጀመሪያዎቹን ጠጠሮች በደንብ ጣለ። ሚስቱ በሳሎኑ መስኮት በኩል ታየዋለች። ከዚያ ተራው ሲደርስ የሰልፉ አንድ ጫፍ አራት፣ ሌላው ሁለት ሆኖ ጠበቀው። አራትም ሁለትም አልነበረውም። ግን ምን ችግር አለው? ባዶ አለው። አነሣና ከአራቷ ጎን ጯ አደረጋት።

የሚስቱ ወንድም ቀልድ መስሎት ሳቀ። ሽማግሌው አልሳቁም።

«ምን ነካህ አንተ ሰውዬ?» አሉ። «ዓይንህ ነው የታመመው ወይስ ጭንቅላትህ?»

የኃላፊው ልብ በደስታ ዘለለች። በዚያ ቤት ሲሰደብ ይህ የመጀመሪያው ነው። ያን ጊዜ ዝም ብሎ ጠጠሩን ቢያነሣ፣ ወይም «ሁለቱም» ቢላቸው ኖሮ ወንበሩ የእሱ ነበር። እሱ ግን ኃላፊ ነውና ማብራሪያ ሰጠ።

«አባባ፣ ባዶ የትም ይገባል። የጎረቤት መብትም አለ። እኛ ቢሮ እንዲህ ነው የምንጫወተው።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። ማን እንዳስተማረው ጠየቁት፤ ሠራተኞቼ አለ። ማን እንደሚያሸንፍ ጠየቁት፤ እኔ አለ። ሁልጊዜ? ሁልጊዜ። አማቱ በባቡር ሥራ ላይ ብዙ አለቃ አሳልፈዋል፤ ስንቱ ሥር ስቀው፣ ስንቱ ሥር አጨብጭበው እዚህ እንደደረሱ እሳቸው ያውቁታል። ኃላፊውን ረጅም ጊዜ አዩትና ፊታቸው ለሰለሰ። ቢቆጡት ይሻለው ነበር።

«ምንም አይደል» አሉ፤ ወደ ሁለቱ ዞረውም «ይሁንላቸው፣ ባዶዋ ትቀመጥ።»

ከዚያ በኋላ ጨዋታው በቢሮው ሕግ ቀጠለ። ኃላፊው አምስትን ከስድስት አጠገብ አኖረ፤ ማንም አልተነፈሰም። አሸነፈ። ድሮ በአንዲት ጠጠር የተነሣ ከገዛ ወንድሙ ጋር የተኳረፈው ልብስ ሰፊ ጫማውን እያየ «ጎበዝ ነዎት» አለው። ለኃላፊው ነገሩ የገባው ያኔ ነው። ምድር ብትከፈት ይገባባት ነበር፤ አልተከፈተችምና ወደ ሶፋው ተመልሶ በትራሱ ላይ ተደገፈ።

ሲሸኘው የሚስቱ ወንድም በሩ ላይ ያዝ አደረገውና እውነተኛውን ደንብ በቁሙ ነገረው፤ ከሹፌሩ የመጀመሪያ ቀን ትምህርት በአንድ ቃል አይለይም። አባቱ አንዲት እሁድ እንደሚጠብቁት፣ ከዚያ ፀጉር አስተካካዩን እንደሚጠሩም አልደበቀውም።

«ሕጉ ይኸው ነው፣ ቀላል ነው» አለው። «አሁን የሚያስፈልግህ ሊያሸንፍህ ከሚፈልግ ሰው ጋር መጫወት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ፈልግ።»

ሰኞ ምሳ ሰዓት ኃላፊው ሦስቱን ሰበሰበና ከዛሬ ጀምሮ በትክክለኛው ሕግ እንጫወታለን አለ። ምክትሉ የትኛውን ትክክለኛ ማለቱ እንደሆነ በትሕትና ጠየቀ። በትክክለኛው ሕግ ተጫወቱ፤ ኃላፊው አሸነፈ። ደገሙት፤ አሁንም አሸነፈ። ሹፌሩ በስሕተት ሊጨርስ ሲል ጠረጴዛው ከሥር በምክትሉ እርግጫ ብድግ ብሎ ተቀመጠ፤ ሹፌሩም የያዘውን መልሶ ሌላ ጣለ። ምክትሉ ላብ በላብ ሆኗል። ኃላፊው ቢለምን፣ ቢቆጣ፣ በልጆቻችሁ ቢል ያው ነው፤ «በችሎታዎ እኮ ነው» ይሉታል ዓይናቸውን በጨው አጥበው።

ከሰዓት በኋላ ቢሮው ገብቶ የሳምንቱን ሪፖርት ከፊቱ አገኘው። የተመረመሩት ቆጣሪዎች ሁሉ ትክክል ናቸው ይላል። ባለፈው ሳምንትም ትክክል ነበሩ፤ ከዚያ በፊትም። ቀድሞ ይህን ሲያነብ አንጀቱ ቅቤ ይጠጣ ነበር። አሁን ወረቀቱን እንደ ትኩስ ነገር ከእጁ አስቀመጠና በዚህ ሕንፃ ውስጥ አይሆንም ያለው ሰው ማን እንደነበር ለማስታወስ ሞከረ። ብዙ አልደከመም። አንዲት ሴት ብቻ ነበረች።

በማግስቱ የጠጠሩን ሣጥን በብብቱ ይዞ ወደ ምድር ቤት ወረደ። የቅሬታ መስኮቱ ከመግቢያው በር ትይዩ ነው፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ንፋሱ እዚያው ይገባል። መነጋገሪያዋ ቀዳዳ ዝቅ ብላ ስለተሠራች ባለጉዳዩ ሁሉ አጎንብሶ ነው የሚያወራው። መርማሪዋ ካፖርት ለብሳ ተቀምጣለች። ከፊቷ አንዲት እናት ቧንቧቸው ደርቆ ሳለ ቆጣሪያቸው እንደሚዞር ይናገራሉ። «ቆጣሪው ተመርምሯል እናቴ፣ ትክክል ነው» ስትላቸው ሰማ። ድምፅዋ ለስላሳ ሆኗል። ያ ድምፅ ለስላሳ ሊሆን ይችላል ብሎ አስቦ አያውቅም።

ስታየው ብድግ አለች። ምሳ ሰዓት ሲሆን መስኮቱን አስዘጋትና ሣጥኑን ጠረጴዛዋ ላይ ገለበጠው። ለሁለት መጫወት ጀመሩ። ቆየት ብሎ ሰልፉ በሁለቱም ጫፍ አራት ሆነ። ጠጠሮቿን አየች።

«ፓስ» አለች።

ኃላፊው በዚያች ዙር አሸነፈ። ካሸነፈ በኋላ እጁን ዘርግቶ የቀሩትን ጠጠሮቿን አንድ በአንድ ገለበጣቸው። ሁለት ቦታ አራት አለ።

«አራት ነበረሽ።»

«አላየሁትም» አለች፤ ያቺ በቆጣሪ ላይ የጠብታ ስሕተት የምታየው ሴት።

«ባዶ አይገባም ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

«ያኔ አፌ ገና አልታረመም ነበር።»

ኃላፊው ወንበሩን ጠጋ አደረገና ከዚያ በፊት ለማንም ያላደረገውን አደረገ፤ ይቅርታ ጠየቃት። ዝውውሩ ትክክል እንዳልነበር፣ ነገ ጠዋት ወደ ሦስተኛ ፎቅ እንደምትመለስ፣ ከእሷ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ እንደሆነ ነገራት። ከልቧ እንድትጫወት፣ ከቻለችም እንድታሸንፈው። ስለ በረንዳው፣ ስለ እሁዱ ሁሉ ነገራት። ሰምታው ስታበቃ ወንበሯ ላይ ቀና ብላ ተቀመጠች። መመሪያ የሚቀበል ሰው ፊት ነበራት።

«ካዘዙኝ አሸንፋለሁ» አለች በመጨረሻ። «በስንት ልዩነት ይሁን?»

ፊቷ ላይ ሽሙጥ ፈለገ። ከከንፈሯ ጥግ እንኳ ትንሽ ሽሙጥ ቢያገኝ እግሯ ላይ ይወድቅ ነበር። አልነበረም። የምትጠይቀው ከልቧ ነው።

ቃሉን አላጠፈም፤ በማግስቱ መለሳት። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ኃላፊው እንዴት ያለ ቅን ሰው እንደሆነ ተወራ። አብሮም ሌላ ወሬ ወጣ፤ ከምድር ቤት ይሁን ከሹፌሩ አይታወቅም፤ ኃላፊው መሸነፍ ይፈልጋል የሚል። ምሳ ሰዓት ላይ ለሁለት ለሁለት፣ ተራ በተራ ገጠሙት፤ መርማሪዋ አሸነፈችው። ቀጥሎ ምክትሉ አሸነፈው፣ ቀጥሎ የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ፣ ቀጥሎ ሹፌሩ፤ ማንም ከማንም ሳይበልጥ፣ በወረፋ። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ አራቱም ቀና ብለው ፊቱን ያነባሉ፤ በዛ እንዴ? ይቀነስ? አምስተኛው ላይ ፊቱ ጠቆር ሲልባቸው ጊዜ ሳይፈጁ ድሉን መለሱለት። ኃላፊው ጠጠሮቹን ወደ ሣጥናቸው ሰብስቦ ከመጫወቻ የከበደ ነገር እንዳነሣ ሰው ወደ ቢሮው ገባ። እስከ ቅዳሜ ሣጥኑን የነካ የለም።

እሁድ አማቱ ከበረንዳው ሆነው «ተማሩ?» ብለው ጠየቁት።

«አልተማርኩም» አለ። ከሥራ ከገባ ጀምሮ ለማንም እንዲህ ያለ አጭር ሪፖርት አቅርቦ አያውቅም።

«ግድ የለም፣ ግድ የለም» አሉ ሽማግሌው በአክብሮት፤ ወዲያውም በአጥሩ አሻግረው ፀጉር አስተካካዩን ጠሩ። ሰውየው መቀሱ የተሻጠበትን ሽርጥ እንኳ ሳያወልቅ መጥቶ ተቀመጠ። ገና ሁለተኛ ጠጠሩን ሲጥል ሦስቱ በአንድ አፍ ወረዱበት፤ እሱም የሽማግሌውን መላጣ እየጠቀሰ ይመልስላቸው ጀመር።

ሚስቱ ከሶፋው ጫፍ ተቀምጣ ትሰማለች። አንድ ሳምንት ሙሉ ምን ሲያደርግ እንደነበር ጠየቀችው፤ በቀስታ፣ አባቷ እንዳይሰሙ።

«የሚጫወተኝ ሰው አጣሁ» አላት።

«ሠላሳ ሰው አይደል እንዴ ከሥርህ ያለው?»

ኃላፊው ሪሞቱን አነሣና ድምፁን ጨመረ፤ ግን ቴሌቪዥኑ የቱንም ያህል ቢጮኽ የበረንዳውን ሳቅ አልሸፈነውም።